የልጃገረዶቻችን ዜማ ከየት ተነሣ? የትስ ደረሰ?



በእንዲህ ያለው መጽሔት ላይ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ደብር ሥራ፣ ስለ መንገድና ስለ ውኃ ይጻፋል። መልካም ነው። ነገር ግን በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ደጃችን ላይ ቆመው የሚዘፍኑልን ልጃገረዶች ታሪክ አላቸው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። «የልጆች ጨዋታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን ዕድሜያችንን መዝገብ ስንጽፍና ፋይል ስናስቀምጥ ስለኖርን፣ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ እንዳልነበረ እንደሚቆጠር እናውቃለን። ስለዚህ በአዘዞና በጎንደር አካባቢ ልጃገረዶች በኅብረት ሲያዜሙ የኖሩበትን ታሪክ፣ በዓይናችን ካየነውና ከታላላቆቻችን ከሰማነው፣ ባጭሩ እናቀርባለን። መነሻችን ዜማው ነው፤ መድረሻችን ግን የዕድራችን ድንኳን ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚገናኝ አንባቢው እስከ መጨረሻው ቢታገሠን ይረዳዋል።

ሀ. የደጅ ዜማ

የሁሉም መነሻ እንቁጣጣሽ ነው። ጳጉሜ ሲገባ የሰፈር ልጃገረዶች ሰብሰብ ይላሉ። መስከረም ሲጠባ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ አደይ አበባ ከእንግጫ ሣር ጋር አስረው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ «አበባዮሽ» ይላሉ። ወንዶቹ ደግሞ ቀደም ብለው በነሐሴ ለቡሄ ዱላቸውን ይዘው «ሆያ ሆዬ» ብለው ስለጨረሱ፣ የእንቁጣጣሹ ደጅ ለሴቶቹ የተለቀቀ ነው።

ዜማው የራሱ ሥርዓት አለው። አንዲት አውራጅ ትኖራለች፤ ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። አውራጇ ድምፀ መልካም መሆኗ ብቻ አይበቃም። የቤቱን ባለቤት ስም ማወቅ፣ ልጅ የወለደችውን፣ መንገደኛ የመጣላትን፣ ኀዘን ያለባትን ለይታ ለየቤቱ የሚስማማውን ግጥም ማውጣት አለባት። ኀዘን ከገባበት ቤት ደጅ ላይ ድምፅ ዝቅ ይላል ወይም በእጅ መንሻ አበባ ብቻ ይታለፋል። ይህን ማን አስተማራቸው? የፊተኞቹ ልጃገረዶች ናቸው እንጂ ሌላ አስተማሪ አልነበራቸውም።

እኛን ሁልጊዜ የሚያስደንቀን ግን ከዘፈኑ በኋላ የሚሆነው ነው። የተሰጠውን ሳንቲም የምትይዝ አንዲት ታማኝ ልጅ አስቀድማ ትመረጣለች። ዳቦው በአንዷ ሻሽ ይጠቀለላል። ማታ በአንዱ ቤት ግቢ ተቀምጠው ይቆጥሩና ይካፈላሉ። አርፍዳ የመጣች ይቀነስባታል፤ ታማ የቀረች ግን ድርሻዋ ይቀመጥላታል። ከገንዘቡ ለደብተር የምታውል አለች፣ ለጸጉር ጌጥ የምታውል አለች። ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መቀጫና ለታመመ መደጎሚያ ያለው ነገር ዕድር ካልተባለ ምን ይባላል! ዛሬ በዕድራችን የሴቶች ክፍል ወጡን የሚያስተባብሩት፣ ዕቃ ቆጥረው የሚያስረክቡትና የሚረከቡት እናቶች ይህን ሥርዓት መጀመሪያ የተማሩት እንቁጣጣሽ ላይ ነው ብንል አልተጋነነም።

ጎረቤት አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። በላስታ ላሊበላ «አሸንድዬ»፣ በዋግ ሰቆጣ «ሻደይ»፣ በራያ ቆቦ «ሶለል» የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ለቀናት ይከበራል። በትግራይም «አሸንዳ» ይባላል። ልጃገረዶቹ ያንኑ ስም የያዘውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው ይጨፍራሉ። ስሙ ከአገር አገር ቢለያይም አውራጅና ተቀባይ መኖሩ፣ ቤት ለቤት መዞሩና የተገኘውን መካፈሉ አንድ ነው።

አዘዞ ደግሞ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጎንደር 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የመተማው መንገድ የሚገነጠልባት፣ አውሮፕላን ማረፊያውና የጦር ሠፈሩ ያለባት ስለሆነች ከየጠቅላይ ግዛቱ ሰው ይገባባታል። የወታደሩ ልጆች ከየአባታቸው አገር የያዙትን ጭብጨባና እስክስታ ይዘው ይመጡ ነበር። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆች በእንቁጣጣሽ ዘፈን አብረው ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ የአዘዞ ልጃገረዶች ዜማ ከጥንቱም ድብልቅ ነው።

ለ. በማኅሌት አገር የሴት ድምፅ

የጎንደር አገር የዜማ አገር መሆኑን ማንም ያውቃል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ የማስመስከሪያ ቦታዎች ናቸው። አዘዞም ራሷ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት፣ በኋላም የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብር የጸናባት ጥንታዊ ሥፍራ ናት። ታዲያ በዚህ ሁሉ የዜማ ባሕር ውስጥ ጸናጽልና መቋሚያ የሚይዙት ወንዶች ነበሩ። የእናቶቻችን ድርሻ እልልታና ጭብጨባ ነበረ። እልልታ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ ታቦት ሲወጣ እልልታ ባይኖር በዓሉ በዓል አይመስልም። ግን ቃል የለውም። ዜማውን በቃል የሚያወጡት ሌሎች ነበሩ።

ሴት አትችልም ተብሎ እንዳይታሰብ ግን ሁለት ምስክር እንጥራ። አንደኛዋ በጎጃም ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። ስንትና ስንት ወንድ ተማሪ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ቅኔ ቆጥሯል። ሁለተኛዋ የፒያኖዋ ሊቅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እኒህ እናት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ወደ ጎንደር መጥተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተኝተው የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ልባቸው ስለተነካ፣ ሙዚቃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኛ ልጆች ለማዋል ተነሡ። በፈረንጆች 1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። በጎንደር ደጀ ሰላም የታየ ችግር በሴት እጅ ዜማ ሆኖ በዓለም ተሰማ ማለት ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የነበረም አይደለም። በጣልያን አገር በቬኒስ ከተማ ፒየታ በተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጃገረዶች የዜማ ኅብረት ነበራቸው። ቪቫልዲ የተባለው ዝነኛ ሙዚቀኛ በፈረንጆች ከ1703 ጀምሮ አስተምሯቸዋል። ታዲያ ልጃገረዶቹ የሚዘምሩት ሕዝብ እንዳያያቸው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ነበር። በእንግሊዝ አገርም በትልልቆቹ ካቴድራሎች ለብዙ መቶ ዓመት የዘመሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የሳልስበሪ ካቴድራል ለልጃገረዶች የራሳቸውን መዘምራን ያቋቋመው በፈረንጆች 1991፣ በእኛ 1984 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እኛ ከሌላው ኋላ ቀርተናል ብሎ ማፈር አይገባም። እንዲያውም በዚህ ነገር ቀድመናል።

የቀደምንበት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ መቋቋም ከጀመረ ወዲህ፣ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት እየተስፋፋ መጣ። ማኅሌቱ እንደ ጥንቱ የሊቃውንቱ ሆኖ ሳለ፣ ልጃገረዶች በአማርኛ መዝሙር ተሰልፈው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ከበሮውንም ራሳቸው እየመቱ በሕዝብ ፊት መዘመር ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ «ሴት ልጅ ከበሮ ታንግት?» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን የገዛ የልጅ ልጃቸው ስታንግት ቆመው ሲያጨበጭቡ አየናቸው። በጥምቀት ታቦት ሲወርድ ከፊት ከሚሰለፉት መካከል እነዚህ ልጃገረዶች ሆኑ። ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ፣ የእነሱም ድምፅ አብሮ ተመዘገበ ብለን እንቆጥረዋለን።

ሐ. ትምህርት ቤትና የቀበሌ አዳራሽ

ዘመናዊ ሙዚቃ በመንግሥት በኩል ወደ አገራችን በሰፊው የገባው በወንዶች ልጆች ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው ማርሽ ቤት አቋቋሙ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። መሣሪያ፣ ልብስና ደመወዝ ነበራቸው። ለልጃገረዶች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው ከዚያ በኋላ በ1924 ዓ.ም. ነው። ወደ እኛ አገር ወላጅ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ እስኪደፍር ድረስ ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት አለፈ። እኛ አንደኛ ደረጃ ስንማር በክፍላችን የነበሩት ሴቶች በጣት ይቆጠሩ ነበር። ጧት ባንዲራ ሲሰቀል ግን መዝሙሩን የሚመሩት እነዚያው ጥቂቶቹ ነበሩ። ድምፃቸው ቀጥ ይላል፣ ቃሉንም አይስቱም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ዜማው ሌላ ቤት ገባ፤ ይኸውም የቀበሌ አዳራሽ ነው። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ከየቀበሌው እየተመረጠ ወደ ወረዳ፣ ወደ አውራጃ፣ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበር። በጎንደር ፋሲለደስ፣ በወሎ ላሊበላ፣ በጎጃም ግሽ ዓባይ የተባሉት የኪነት ቡድኖች ስማቸው በመላ አገሪቱ ተሰማ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ደግሞ ፊደል ቁጠሩ የሚለው ቅስቀሳ በዘፈን ነበር የሚነገረው። አገራችን በዚያ ዘመቻ በ1972 ዓ.ም. ከዩኔስኮ ሽልማት ማግኘቷ የሚታወስ ነው። በሽልማቱ ውስጥ ማታ ማታ ኩራዝ ይዘው ወደ ጣቢያው ሲሄዱ የሚያዜሙ የየሰፈሩ ልጃገረዶች ድርሻ አለበት።

ስለዚያ ዘመን እውነቱን ሁለቱንም ወገን መናገር ይገባል። ጥሩው ይህ ነው፤ ልጃገረድ በመድረክ ላይ መቆም ነውር መሆኑ ቀረ። ማይክራፎን ጨበጠች፤ ከሌላ አውራጃ ልጆች ጋር ተገናኘች፤ የሌላውን ብሔረሰብ ዘፈን በቋንቋው አጠናች። ክፉው ደግሞ ይህ ነው፤ ዘፈኑ በትእዛዝ ሆነ። ግጥሙ ከላይ ተጽፎ ይመጣል። እሑድ ጧት ስብሰባ ስለሚጠራ አንዲት ልጅ ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከቀበሌ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንባት ነበር። ከሁሉ የከፋው በ1970 ዓ.ም. ግድም በቀይ ሽብር ጊዜ የሆነው ነው። ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ እንዳያለቅስ ተከለከለ። አዳራሹ ውስጥ ልጃገረዶች ሲዘፍኑ፣ ከአዳራሹ አጥር ማዶ ያለችው እናት አፏን በነጠላዋ ይዛ ትቀመጥ ነበር። እኛ የዕድር ሰዎች ነን፤ ሙሾ ያልወረደለት ሞት ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የኪነት ቡድኖቹ ተበተኑ። ከበሮው፣ ክራሩና ማሲንቆው ወዴት እንደገባ ጠያቂ አልነበረም። ልጃገረዶቹ ግን አልተበተኑም። እኒያው ልጆችና ታናናሾቻቸው በ1990ዎቹ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ በተቋቋመው የፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ እንደገና ሲያዜሙ ተገኙ። በዚያ ዘመን ስሙን ለመጥራት ሰው የሚፈራውን በሽታ፣ ዕድራችን ቀብር ላይ ቀብር ሲያስከትል፣ በግልጽ ስሙን ጠርተው የዘፈኑልን እነሱ ናቸው።

እንግዲህ እንደምታዩት ዜማው አንድ የራሱ ቤት ኖሮት አያውቅም። በጎረቤት ደጅ፣ በደብር ግቢ፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት፣ ሁልጊዜ በሰው ቤት ተጠግቶ ነው የኖረው። ባለቤቱ ሲለወጥ ይበተናል፤ ልጃገረዶቹ ደግሞ በሌላ ቤት ይሰበሰባሉ። ስም፣ ማኅተምና መዝገብ ሳይኖረው እዚህ የደረሰው አውራጅ ለተቀባይ፣ ታላቅ ለታናሽ እያስተላለፈች ነው።

መ. አውራጅ የሚቀማው ሠርግ

ታዲያ ይህን ያህል ጽኑ ከሆነ ምን ሥጋት አለ? ትሉ ይሆናል። ሥጋቱ እዚህ ላይ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ዜማው አልጠፋም። ዜማውን በየዓመቱ ሲያሰናክለው የኖረው የራሳችን ድግስ ነው።

አውራጅ በአንድ ቀን አትገኝም። በ7 ዓመቷ ተቀባይ ሆና ትጀምራለች፤ በ12 ወይም በ13 ዓመቷ ግጥሙን አውቃ፣ ድምፅዋ ጠንክሮ፣ ታናናሾቿን ማስተማር የምትችልበት ላይ ትደርሳለች። ልክ በዚያ ሰዓት ነው ሽማግሌ የሚላከው። በዘመናችን ስንቱን አይተናል! መስከረም ላይ ደጃችን ቆማ ያወረደች ልጅ፣ ጥር ላይ ራሷ ሙሽራ ሆና ተሸፍና ትቀመጣለች። ጓደኞቿ ዳሱ ውስጥ ይዘፍኑላታል። ዘፈኑ ግን ይሰናከላል፤ ምክንያቱም የምታወርደው እሷ ነበረች። በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ቡድኑ ያለ አውራጅ ይዞራል፤ ወይም ጨርሶ ይቀራል።

ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ነበር የሚለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ብለው ደንግገዋል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በወንጀል ያስቀጣል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በክልላችን ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ግማሽ ያህሉ 16 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ሆነው ተገኝተዋል። እነዚህ እናቶች የእኛው ልጆችና እኅቶች ናቸው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ሠርግ ይበረታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ ይህ ሥጋት ታይቷል። ኅዳር 2013 ዓ.ም. አውሮፕላን ማረፊያችን በሮኬት ሲመታ የነበረውን ድንጋጤ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በደረሰው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ! ልጅ አመሻሽታ ስትመጣ ወላጅ ልቡ ይሸበራል። «ከምትጠፋብኝ ልዳራት» የሚል አባት በዚህ ይነሣል። ፍርሃቱን እንረዳለን። ፍርሃት ግን የ13 ዓመት ልጅ አያስድርም።

ሠ. የዕድራችን ድርሻ

እዚህ ላይ ነው ዜማው ወደ ድንኳናችን የሚመጣው። ዕድራችን ለቀብር ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህኑና ብርጭቆው ለአባላት ሠርግም ይሰጣል። ያለ ዕድር ዕቃ በአዘዞ ትልቅ ድግስ መደገስ እንደማይቻል ሁላችን እናውቃለን። እንግዲያው የልጅ ሠርግ ሲደገስ ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን ማለት ነው። ስለዚህ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የዕድሩ ድንኳንና ዕቃ ሙሽራዋ 18 ዓመት ያልሞላት ከሆነ ለሠርግ እንዳይሰጥ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ። ዕቃ ክፍሉ ከመስጠቱ በፊት የልደት ማስረጃ ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት ይጠይቅ። ለቀብር ግን ምንም ጥያቄ የለም፤ እንደ ቀድሞው ለሁሉም ነው።

ሁለተኛ፤ የዕድሩ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለልጃገረዶቹ ልምምድ ይከፈትላቸው። ኪራይ አይጠየቁ። ከእናቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየተራ ይቀመጡላቸው፤ ሳይመሽም ወደየቤታቸው ይሸኟቸው። ጥሩምባ ነፊያችን ለቀብር እንደሚዞረው ሁሉ፣ በዓመት አንድ ቀን ለእንቁጣጣሽ «ልጃገረዶች ስለሚመጡ ደጅ ክፈቱ!» ብሎ ቢዞር ምን ይጎዳል?

ሦስተኛ፤ አንድ ደብተር ይገዛ። አረጋውያን እናቶቻችን የሚያውቁትን የእንቁጣጣሽ፣ የሠርግና የእሹሩሩ ግጥም እየተናገሩ፣ ልጃገረዶቹ ይጻፉት። ደብተሩ ከዕድሩ መዝገብ ጋር በሳጥን ይቀመጥ። መዝገብ ጻፊ ብትጠፋ እኛ ጡረተኞቹ አለን፤ የእጅ ጽሑፋችን ገና አልደከመም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናክል። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደው እናት ማን ናት? ድሮ በእንቁጣጣሽ ታወርድ የነበረችው ልጅ ናት። አውራጅና ተቀባይ መሆንን የተማረችው በደስታ ቀን ነው፤ በኀዘን ቀን ታገለግለናለች። የልጃገረዶቹን ዜማ ካስቀረን፣ ነገ እኛ ስንሞት በወጉ የሚያለቅስልንም አይገኝም። ዕድር ገንዘብ ብቻ አይሰበስብም፤ ድምፅም ይሰበስባል። ድምፁ የሚሰበሰበው ደግሞ ከአሁኑ፣ ከልጆቹ ነው።

ለአገራችን ሰላም ያውርድልን። ልጆቻችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልን። ለመጪው እንቁጣጣሽ በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።